መቆምን ሁለት ጊዜ የተማሩት የቀለም ቀቢው ወንድሜ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ከሩቅም ከቅርብም ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ አደራውን ለእኔ ለታናሽ እህታቸው ሰጥቶኛል። በሕይወት ሳሉ «አንተ» እያልኩ፣ ሲያናድዱኝም ጠንከር አድርጌ «አንተ» እያልኩ የኖርኩ ብሆንም፣ በዚህ ሰዓት ግን ለክብራቸው አንቱ ብዬ አነባለሁ፤ ቢሰሙኝ ኖሮ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

ወንድሜ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት የክር ፋብሪካ ዘበኛ ከነበሩት አባታችንና በዚያው ፋብሪካ ጆንያ ይሰፉ ከነበሩት እናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቤታችን ከፋብሪካው አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስለነበረች፣ ሥዕል መሞከር የጀመሩትም በዚያው ረጅም አጥር ላይ ነበር። አንድ ሰሞን የፋብሪካው ኃላፊ አጥሩን በከሰል የሚሞነጫጭረው ማን እንደሆነ ተከታትለው እንዲይዙ አባታችንን አዘዟቸው፤ አባታችንም ሁለት ቀን አድፍጠው፣ በሦስተኛው ቀን ከሰል የጨበጠ እጅ ይዘው ዞር ቢሉ የገዛ ልጃቸውን አገኙ። ቅጣቱ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጥቦ ኖራ መቀባት ሆነ። እናታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩት እንደኖሩት፣ ወንድሜ ቅጣታቸውን ጨርሰው፣ ፊታቸው በኖራ ተዥጎርጉሮ ቤት ሲገቡ የጠየቁት «ነገም ልቀጣ?» ብለው ነበር።

በትምህርታቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ከደረጃ ወርደው አያውቁም፤ በተለይም መስመርን ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርገው በመሳል የሒሳብ መምህራቸውን ያስገርሙ ነበር። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍልን እንዳጋመሱ አባታችን ሳንባቸውን ታመው ከሥራ ስለቀሩ፣ የቀሩትን ባዶ ደብተሮች ለእኔ አስረክበው፣ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ዘንድ ለሙያ ገቡ። እኒያ ሽማግሌ ዓመት ሙሉ ብሩሽ አላስነኳቸውም፤ ያረጀ ቀለም ሲያስፍቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያስፈገፍጉ፣ ስንጥቅ በስቱኮ ሲያስሞሉ ከረሙ። ፀጉራቸው በአቧራ ሸብቶ ቤት ሲገቡ «መቼ ነው የምትቀባው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ግድግዳው ሲፈቅድልኝ» ይሉኝ ነበር።

ሙያቸውን ጨብጠው ከወጡ በኋላ አርባ ዓመት ለሚሆን ጊዜ የሰው ሳሎን፣ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የክሊኒክ መተላለፊያ፣ የፎቅ ደረጃ ሲቀቡ ኖረዋል። ቁመታቸው ረጅም፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ውሏቸውም ከመሰላል ላይ ስለነበር የሰፈሩ ሰው «ጋሼ መሰላል» የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት፣ በር አንኳኩተው «ማነው?» ሲባሉ «መሰላል ነኝ» ይሉ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ከመሰላል አንድም ቀን ወድቀው አያውቁም። በኪሳቸው ዘወትር ቱምቢ ይይዙ ነበር፤ ቱምቢ ማለት ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩባት፣ በክር ጫፍ የምትንጠለጠል ከባድ ብረት ናት። ቀለም ቀቢ ቱምቢ ምን ያደርግለታል ለሚሏቸው «ግንበኛው ያጠፋው በእኔ እንዳይሳበብ» ብለው ይመልሱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ማሳጣት ይወዱ ነበር፤ የሰው ቤት ተጋብዘው እንኳ ሳይቀመጡ በፊት ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ካላዩ እህል አይወርድላቸውም ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን እንዲቀቡ ተጠርተው በሄዱበት ጊዜ ነው። ባለቤታቸው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበሩ፤ በመጀመሪያው ቀን የተናገሯቸውም ቃል «መጽሐፌ ላይ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ፣ ከዚህ ቤት በእግርህ አትወጣም» የሚል ነበር። በአራት ቀን የሚያልቀው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወንድሜ አንድ ቀን እዚህ ጋ ቀለሙ ፊኛ አውጥቷል፣ ሌላ ቀን እዚያ ጋ ጥላ ይታየኛል እያሉ ሲመላለሱ፣ ዳይሬክተሩ ግራ ተጋብተው «ይሄ ግድግዳ ምን ሆኖ ነው የማይድነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ባለቤታቸው ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው «ግድግዳው ደህና ነው፤ የታመመው ቀቢው ነው» ብለው መለሱ። በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ አንዱ ሲያከር ሌላው እያላላ፣ አርባ ሦስት ዓመት በትዳር ኖሩ።

በዚህም ትዳራቸው ዛሬ የጂኦግራፊ መምህርት የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነውን ወንድ ልጃቸውን አፍርተዋል። ልጆቹ የክፍላቸውን ቀለም በየዓመቱ ራሳቸው እንዲመርጡ ይፈቅዱላቸው ነበር። ሴት ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ጥቁር ብትመርጥ፣ እናትየው እየተቆጡ፣ አባትየው ሳይከራከሩ ጥቁር ቀቡላት፤ በሳምንቱ «አባዬ፣ ፈራሁ» ስትላቸውም አንዲት የሹፈት ቃል ሳይወጣቸው እንደገና ነጭ አደረጉላት። ጥቁር ግድግዳን ለመሸፈን ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ባለሙያ በመካከላችን ካለ፣ ይህን ፍቅር ከእኔ ይልቅ እሱ ይመዝነዋል።

ስድሳ አንደኛ ዓመታቸውን ከያዙ በኋላ፣ አንድ ማለዳ የክሊኒክ መተላለፊያ ለመቀባት ገብተው፣ ገና መሰላል ሳይወጡ መሬት ላይ ቆመው ቀለም በማማሰል ላይ ሳሉ፣ ግራ እጃቸው ቆርቆሮውን ለቀቀ። ለሃያ ዓመት አብረዋቸው ለሠሩት ባልደረባቸው «ክዳኑን አቀብለኝ» ሊሏቸው አስበው ከአፋቸው የወጣው ግን የተንተባተበ ድምፅ ነበር። ባልደረባቸው የአፋቸው ጠርዝ ወደ አንድ ጎን መውረዱን ባዩ ጊዜ «ትንሽ ይረፉና ይለፍላቸው» አላሉም፤ የክሊኒኩን ሰዎች ጠርተው፣ ሰዓት ሳይሞላ ትልቁ ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት የሚቋረጥበት ሕመም እንደሆነ ተነገረን፤ በዚያች ሰዓት መድረሳቸውም ሕይወታቸውን እንዳተረፈ ሐኪሞቹ ደጋግመው ነግረውናል።

ሕይወታቸው ተረፈ፤ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ግን አልታዘዝ አሉ። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነገጠን በዓይን የማይታየው ጉዳት ነበር፤ ወንድሜ ቀጥ ማለትና ማዘንበልን የሚለዩበት ስሜት ተዛብቶባቸው ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ አርባ ዓመት ከመሰላል ያልወደቁት ሰው ከአልጋ ጫፍ ወደቁ። እንቅስቃሴያቸውን እንድትመልስላቸው የተመደበችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ድምፅዋ ለስላሳ፣ እጇ ግን እንደ ጉጠት ጠንካራ የሆነች ወጣት ነበረች፤ በኋላ እንደ ልጃችን የምናያት፣ እሳቸውም «ፎርማኗ» የሚሏት እሷን ነው። አስቀምጣቸው «ጋሼ፣ ወደ ግራ አዘንብለዋል» ስትላቸው፣ «እኔ ቀጥ ብያለሁ፤ ያዘነበለው ግድግዳው ነው። ማን ነው የገነባው?» ይሏት ነበር። ወደ ቀኝ ልታቃናቸው ስትሞክር ገደል የምትከታቸው ያህል በደህናው እጃቸው ይገፏታል። መስታወት አምጥታ ፊታቸው ብታቆም፣ መስታወቱ ተጣሞ ነው የቆመው ብለው ድርቅ አሉ።

ይህ ክርክር ሁለተኛ ሳምንቱን በያዘ ጊዜ ባልደረባቸው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ጥቂት አዳምጠው፣ ከወንድሜ የሥራ ልብስ ኪስ አውጥተው ያስቀመጧትን ቱምቢ ከመጋረጃው ብረት ላይ አስረው በመስታወቱ ፊት ለቀቋት። እኔ በዚያ ክፍል ነበርኩ። ቱምቢዋ ወዲያ ወዲህ ብላ ቆመች። ወንድሜ ክሩን አዩ፤ አፍንጫቸውን በመስታወት አዩ፤ እንደገና ክሩን አዩ፤ ክሩ በግንባራቸው መካከል ሲያልፍ አገጫቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር። «ቱምቢ አይዋሽም» አሉ፤ ከታመሙ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ወጣቷ አጠገባቸው ተቀምጣ «የተሳሳተው አንጎልዎ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ እንደ አዲስ እናስተምረዋለን» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፍንጫቸውንና እምብርታቸውን ከክሩ ጋር እያስተካከሉ፣ መጀመሪያ ተቀምጠው፣ ቀጥሎ በሁለት ሰው ተደግፈው፣ ከዚያም በአንድ ሰው፣ ቀጥ ብሎ መቆምን ከሀ ጀመሩ፤ በሰባተኛውም ሳምንት ባለ አራት እግር ከዘራ ይዘው ቤታቸው ገቡ።

ቤት መግባታቸው የመከራችን ማብቂያ መስሎን ነበር። በሆስፒታል የነበራቸው ወኔ ግን በቤት ውስጥ ከዳቸው። መጋረጃውን አስዘግተው ይውላሉ፤ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሲያንኳኳ «ተኝቷል በሉ» ይላሉ፤ በር አንኳኩቶ መሰላል ነኝ የሚለው ሰው ጠፋ። ፎርማኗ በየቀኑ ሊሠሯቸው የሚገቡትን እንቅስቃሴዎች በወረቀት ጽፋ ሰጥታቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይሠሩ በየዕለቱ የራይት ምልክት ያደርጉበት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሳያነቡ «ጨርሼዋለሁ» የሚሉ ተማሪዎችን ሲቀበሉ የኖሩት ባለቤታቸው ግን በሁለተኛው ቀን ነቅተውባቸዋል፤ እንዳይከፉባቸው ብለው ዝም አሉ እንጂ።

በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ ወንድሜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፎጣ ለመያዝ ወደ ግራ ሲንጠራሩ ሚዛናቸውን ሳቱ። ባለቤታቸው ከኋላ ደርሰው ሊይዟቸው ሲሉ አብረው ወደቁ፤ እሳቸው ምንም ሳይሆኑ የባለቤታቸው የእጅ አንጓ ተሰበረ። በማግስቱ ባለቤታቸው እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ በአንድ እጅና በጥርስ የሹራባቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ሲታገሉ ወንድሜ አዩዋቸው። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» ብለው ጠርተው፣ በቀኝ እጃቸው አንድ በአንድ ቆለፉላቸውና «ሁለታችን ተደማምረን አንድ ሰው ወጣን» አሏቸው። ባለቤታቸው ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታሉ እንድወስዳቸው አስደወሉልኝ።

ፎርማኗ የሐሰት ምልክቶቹን ወረቀት ተቀብላ፣ አጣጥፋ አስቀመጠችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው፤ «ምን ማድረግ እንዲችሉ ነው የሚፈልጉት?» እኔ መሰላል መውጣት፣ ሥራ መመለስ ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ወንድሜ ግን ወለሉን እያዩ «መታጠቢያ ቤት ብቻዬን ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን መውጣት» አሉ። ሰባት ወር ሙሉ በራቸው ላይ ቆመን «ደህና ነህ? ጨረስክ?» ስንላቸው ምን ይሰማቸው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝና አፈርኩ። እሷ ይህንኑ ቃል እንዳለ በአዲሱ ወረቀት ራስ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቀን ተቀን ሥራ ታሪክ ነው። ጠዋትና ማታ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር አሥር ጊዜ ይነሳሉ፤ የወጥ ቤቱን የዕቃ ማጠቢያ ጠርዝ ይዘው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ፤ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ ይራመዳሉ፤ በወለሉ ሰድር መስመር ላይ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኙ ይሄዳሉ፤ ቆመው አንገታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ፤ ከጀርባቸውም ሁልጊዜ የሚይዛቸው ሰው ይኖራል። በአንድ እግር መቆም ሲጀምሩ አንድ ሴኮንድ እንኳ አልሞሉም ነበር። እኔ በበኩሌ እንደ እንቁላል ነበር የምይዛቸው፤ ገና ሲንቀሳቀሱ ብብታቸው ውስጥ ገብቼ አነሳቸዋለሁ። አንድ ቀን ቆም አሉና «እህቴ፣ ደግፊኝ እንጂ አትሸከሚኝ» አሉኝ። ተቀየምኩ፤ ሁለት ቀንም አኮረፍኩ፤ በሦስተኛው ቀን መጥቼ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ መቆምን እኔም ተማርኩ።

ልምምዱን እንደገና በጀመሩ በአምስተኛው ወር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ሳሎን ተሰብስበን ሳለ ወንድሜ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ፣ መታጠቢያ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። የቁልፉን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። ባለቤታቸው ሊነሱ ሲሉ ልጃቸው ጉልበታቸውን ያዘቻቸው። ውሃ ሲወርድ ሰማን፤ ዝም አለ፤ እንደገና ወረደ። በሩ ተከፍቶ ብቅ ሲሉ ሁላችንንም በየተራ አዩንና «ምነው ዝም አላችሁ? ስታወሩ አልነበር እንዴ?» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ያን ቀን በዚያ ቤት የነበረውን ሳቅና ልቅሶ ለመናገር ቃል ያጥረኛል።

ከዚህም በኋላ በየሳምንቱ ማክሰኞ እንደ እሳቸው በስትሮክ የተጎዱ ሰዎች አብረው የሚለማመዱበትን የሆስፒታሉን አዳራሽ አላቋረጡም። ታማሚዎቹ ሲራመዱ ሁሉም እግር እግራቸውን እንደሚያዩ፣ ፎርማኗም «ቀና በሉ» እያለች እንደምትደክም አስተዋሉ። ግድግዳው ቀለሙ የተላላጠ አመድማ ስለነበረ ቀና ቢሉም የሚታይ ነገር አልነበረውም። አስፈቅደው ሊቀቡት ተነሱ። ሮለር በቀኝ እጃቸው፣ ፎርማኗ ከኋላ ቀበቷቸውን ይዛ፣ መቀባቱም እንደ ልምምድ ተቆጥሮላቸው፣ ድሮ በሁለት ቀን የሚጨርሱትን ሥራ በዘጠኝ ሳምንት ጨረሱት። እጃቸው የማይደርስበትን ባልደረባቸው መሰላል ላይ ሆነው ሲቀቡ፣ ወንድሜ በከዘራቸው እየጠቆሙ «እዚያ ጋ ዘለልክ፣ ሠርተህ አታውቅም እንዴ?» ይሏቸው ነበር። በመጨረሻም ዙሪያውን ሁለት ብርቱካናማ መስመሮች ሳሉበት፤ አንዱን ቆሞ በሚሄድ ሰው ዓይን ልክ፣ ሌላውን በተሽከርካሪ ወንበር በሚቀመጥ ሰው ዓይን ልክ። ዛሬም በዚያ አዳራሽ ሰዎች መስመሩን እያዩ ነው የሚራመዱት።

አዲስ የሚመጡትንም በወንድምነት ይቀበሉ ነበር። አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ወር ሙሉ አልነሳም ብለው ተቀምጠው ቢያዩዋቸው፣ አጠገባቸው ወንበር ስበው «እኔ እዚህ ስመጣ ግንበኛውን ነበር የምሰድበው፤ እርስዎ ማንን እየሰደቡ ነው?» አሏቸው። ሹፌሩ «መንገዱን» ብለው መለሱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆኑ። ወድቆ ከወለል እንዴት እንደሚነሳም ራሳቸው ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ ወደ ጎን ተገልብጠው፣ ወንበር ተደግፈው ያሳዩ ነበር፤ ከሕመማቸው በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቀው ብቻቸውን የተነሱ ስለነበሩ ትምህርታቸው ከመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም።

ሁሉ ነገር ተመለሰላቸው ማለቴ አይደለም። የግራ እጃቸው ጣቶች እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ አልተፈቱም፤ ድካም ቶሎ ይጥላቸው፣ እንባም ያለ ምክንያት ይቀድማቸው ነበር። ሆኖም ከሕመማቸው በኋላ የኖሯቸው አሥር ዓመታት የአልጋ ዓመታት አልነበሩም። ጠዋት ጠዋት ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ድረስ በእግራቸው ሄደው ጋዜጣ ይገዙ፣ ከሹፌሩ ጋር ካርታ ተጫውተው ይካሰሱ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ቀለም ማደባለቅ ያስተምሩ ነበር። በአንድ እግር መቆማቸውም አሥራ አንድ ሴኮንድ ደርሶ ነበር፤ ይህን ቁጥር ላልጠየቃቸውም ሰው ይናገሩ ነበር።

ካለፉት ጥቂት ወራት ጀምሮ ልባቸው እየደከመ መጥቶ፣ ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ስትሮክ አገኛቸው። በሆስፒታል በቆዩባቸው አራት ቀናት መናገር ባይችሉም፣ ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር፤ ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ ሆን ብለው አንድ መስመር ዘለው ቢያነቡ፣ ወንድሜ በቀኝ እጃቸው የባለቤታቸውን ጣት ጫን አደረጉ። ባለቤታቸውም ወደ ኋላ ተመልሰው የዘለሉትን አነበቡላቸው። ከትናንት በስቲያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወንድሜ ውድ ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ታናሽ እህታቸውን፣ በዚያች ማለዳ ላደረጉት ፈጣን ውሳኔ ቤተሰባችን ምስጋናውን የማይጨርስላቸውን ባልደረባቸውን፣ እንደ ልጅ የሚወዷትን ባለሙያ፣ እንዲሁም የማክሰኞ ጓደኞቻቸውን ትተው ሄደዋል። እነዚህ ጓደኞቻቸው በቀኝ በኩል ከዘራቸውን ይዘው የምታዩዋቸው ናቸው፤ ወንበር ብናቀርብላቸው «ለእሱ ቆመን ነው የምንሰማው» ብለውናልና፣ ንባቤን ከዚህ በላይ አላስረዝምም።

ፈጣሪ ሆይ፣ ብዙ የደከመውን የወንድሜን ሰውነት ዛሬ ለአፈር ስንሰጥ፣ ነፍሳቸውን አንተ ተቀበልልን፤ መልካሞች ከሚያርፉበት አሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለቆምነውም ሁሉ አንዳችን በአንዳችን የምንደገፍበትን ጉልበት ስጠን። አሜን።